ፈጣን የምግብ ወለድ ባክቴሪያ ምርመራ ምንድን ነው?

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ሱሉልታ ጠዋት የሚነቃው ወተት ይዞ ነው። ጄሪካን የጫነ ሞተር፣ ባጃጅ፣ ትንሽ ባልዲ ያንጠለጠለች እናት፣ ሁሉም ወደ ወተት መሰብሰቢያው ያመራል። ተቀባዩ ላክቶሜትሩን ወተቱ ውስጥ ይጥላል። ውኃ ከተጨመረበት ያሳብቃል። ቀጥሎ ጥቂት ወተት ከአልኮል ጋር ይቀላቅላል። ከቋጠረ መኮምጠጥ ጀምሯል ማለት ነውና ይመለሳል።

ሁለቱም በደቂቃ የሚያልቁ ጥሩ ምርመራዎች ናቸው። በምግብ በኩል ሰው የሚያሳምመውን ሳልሞኔላን ግን አያዩም። ሊስቴሪያንም፣ ኢ. ኮላይ ኦ157ንም አያዩም። እነዚህ ባክቴሪያዎች ያሉበት ወተት መልኩም፣ ሽታውም፣ ጣዕሙም ያው ሊሆን ይችላል። ፈጣን ምርመራ የሚባለው እነዚህን በብዙ ቀን ሳይሆን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ነው።

አዎ፣ በቀን። በደቂቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ሰበታ አቅጣጫ ባለ አንድ ላብራቶሪ የተግባር ስልጠና እስክወስድ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ፈጣን የተባለው ከነባሩ ዘዴ ጋር ሲነጻጸር ነው። ሳልሞኔላን በነባሩ መንገድ ለመፈለግ የመጀመሪያው ቀን ናሙናውን አልሚ ፈሳሽ ውስጥ ማሳደር ነው። በሁለተኛው ቀን ሌላውን ባክቴሪያ አፍኖ ሳልሞኔላን ወደሚያሳድግ ፈሳሽ ይዛወራል። በሦስተኛው ቀን ባክቴሪያ በሚያድግበት የላብራቶሪ ሳህን ላይ ይዘራል። በአራተኛው ቀን መሐላቸው የጠቆረ የባክቴሪያ ክምችቶች ይፈለጋሉ። ከተገኙ ደግሞ ማረጋገጫው ሌላ ቀን ይወስዳል። ያ ወተት እስከዚያ ድረስ ተጠጥቶ፣ እርጎም ሆኖ ተበልቶ አልቋል።

ፈጣኑ ዘዴ የሚያሳጥረው የኋለኞቹን ቀናት ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ግን መዝለል አይችልም። ስልጠናው ላይ ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱን በቁጥር ሲያሳዩን ነው የገባኝ።

የሚመረመረው ናሙና ብዙውን ጊዜ 25 ግራም ነው። እሱ ላይ 225 ሚሊ ሊትር አልሚ ፈሳሽ ይጨመራል፤ በድምሩ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ። መሣሪያው ውስጥ የምትገባው ጠብታ ግን 5 ማይክሮ ሊትር ብትሆን ነው። ከዚያ ፈሳሽ እንዲህ ዓይነት ጠብታ 50,000 ይወጣል። ናሙናው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አንድ ብቻ ቢሆን፣ ያለው ከ50,000ዎቹ በአንዷ ውስጥ ነው። እሷን በአጋጣሚ ካላነሳን ውጤቱ «የለም» ይላል። የለም ማለት ግን አይደለም፤ አላገኘነውም ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እንዲባዛ ይደረጋል። ማበልጸግ ይሉታል። ኢ. ኮላይ ሁሉ ነገር ሲመቸው በ20 ደቂቃ አንዴ ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ሂሳብ አንዱ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ይህ የወረቀት ሂሳብ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ወይም ሙቀት ያገኘው ባክቴሪያ እስኪያገግም ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚያድረው። እኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ኢንኩቤተር (ሙቀት ጠብቆ የሚያሳድር ሳጥን) ውስጥ ያስገባነውን በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አወጣነው። ሙቀቱ 37 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። መብራት ከሄደና ጄኔሬተሩ ቶሎ ካልተነሳ ያ ሌሊት የሚታመን አይደለም። የከተማ ዳር ላብራቶሪ ትልቁ ፈተና ይሄ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው በእርግጥም ፈጣን ነው። አንዱ መንገድ እንደ እርግዝና መመርመሪያው ያለ ስትሪፕ ነው። ጠብታው ወረቀቱ ላይ ይሄዳል፤ ባክቴሪያው ካለ ወረቀቱ ላይ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ይይዘዋል፤ በ15 ደቂቃ አካባቢ መስመር ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ውድ ማሽን አይፈልግም። ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ብዙ ሺህ፣ አንዳንዴም ሚሊዮን ባክቴሪያ ካልተገኘ መስመሩ አይታይም።

ሌላው ፒሲአር ነው። ካሪ ሙሊስ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሰበው፣ በ1993 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ዘዴ ነው። የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዘረመል ቁራጭ ነው። ለሳልሞኔላ ብዙ ጊዜ ኢንቭ ኤ የተባለው ጂን ይመረጣል። ማሽኑ ናሙናውን እያሞቀ እያቀዘቀዘ ቁራጩን በየዙሩ እጥፍ ያደርገዋል። ሁሉም ዙር ከተሳካ ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል።

ይህ ኃይሉ ነው ጣጣውም። በስልጠናው ሁለተኛ ቀን፣ ሁሌም አብሮ የሚሠራው ኔጌቲቭ ኮንትሮል፣ ማለትም ውኃ ብቻ ያለበት ቱቦ፣ ፖዘቲቭ ሆኖ ወጣብኝ። እዚያ ውኃ ውስጥ ሳልሞኔላ መኖር አልነበረበትም። ፖዘቲቩን ከነካሁ በኋላ የፒፔቱን፣ ማለትም ጠብታ ማንሻውን፣ ጫፍ ሳልቀይር ውኃውን ነክቼ ነበር። አሠልጣኛችን አልተቆጡም። «በይ ልጄ፣ ሁሉንም ድፊውና ከመጀመሪያው ጀምሪ» አሉኝ። የዚያን ቀን የ12 ናሙናዎች ውጤት ወደቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። መመሪያውን ቤቴ ቁጭ ብዬ አንብቤው ነበር፤ ጫፍ መቀየርም ተጽፏል። እጄ ግን አያውቀውም ነበር። የተግባር ስልጠና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ቪዲዮ አይተካውም።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይመጣል። የወተት ስብና ካልሲየም ፒሲአርን ያፍናሉ፤ ባክቴሪያው እያለ ማሽኑ ዝም ይላል። ለዚህ ነው በየቱቦው ውስጥ መውጣት ያለበት ሌላ ምልክት አብሮ የሚጨመረው። እሱ ካልወጣ «የለም» የሚለውን ማመን አይቻልም። ደግሞ ፒሲአር የሞተን ባክቴሪያ ዘረመልም ያነሳል። ወተቱ ተፈልቶ ባክቴሪያው አልቆ ይሆናል፤ ማሽኑ ግን «አለ» ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት የፈጣን ምርመራ ፖዘቲቭ ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሳህን ላይ ዘርቶ ሕያው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በተበከለ ምግብ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው ይታመማል፣ 420,000 ይሞታል። ከሟቾቹ 125,000ው ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በሕዝብ ብዛት ሲሰላ ደግሞ ከባዱን ሸክም የምትሸከመው አፍሪካ ናት።

እንግዲህ ወደ ሱሉልታው ወተት ስንመለስ፣ የዛሬ ጠዋት ወተት ውጤቱ የሚደርሰው ነገ ነው። ጥሬ ወተት ያለ ማቀዝቀዣ እስከ ነገ አይቆይም። ስለዚህ ፈጣን ምርመራ ጥሬ ወተትን በር ላይ የሚያስቆም ዘበኛ ሊሆን አይችልም፤ ይህን ቃል የሚገባ ሰው ካለ አላምነውም። የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። ፓስቸራይዝድ ወተትና አይብ ፋብሪካው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ውጤት እስኪመጣ መቆየት ይችላሉ፤ እዚያ ከአምስት ቀን ይልቅ ሁለት ቀን መጠበቅ ትልቅ ልዩነት ነው። ለጥሬው ደግሞ ውጤቱ የሚነግረን ስለ ትናንት ነው። ግን የማን ጄሪካን እንደነበር ከተመዘገበ፣ በማግስቱ ባለሙያ እዚያ ቤት ሄዶ የላሟን ጡት፣ የማለቢያውን ዕቃ፣ የሚታጠብበትን ውኃ ማየት ይችላል። ከአምስት ቀን በኋላ ሲኬድ ዕቃው ታጥቧል፣ ውኃውም ተቀይሯል።