የስሪት ሀገር ደንብ ምንድን ነው?

ሁለት ሀገራት የነጻ ንግድ ስምምነት በተፈራረሙ ቁጥር አንድ ክርክር አይቀርም። «ቀረጡን ካነሳንላቸው የሦስተኛ ሀገር ዕቃ በእነሱ በኩል ገብቶ ያጥለቀልቀናል» ይባላል። ሰሞኑንም አንድ ተንታኝ ይህንኑ በልበ ሙሉነት ሲያብራራ ሰማሁ። «የጓሮ በር ከፈትን» አለ። ወንድሜ፣ በሩ ላይ እኮ ዘበኛ አለ! የስሪት ሀገር ደንብ ይባላል።

ከቀረጥ ነጻ የሚገባው ባልደረባው ሀገር የተሠራ ዕቃ ነው። ከዚያ ሀገር ወደብ መጫኑ ብቻ ምንም መብት አያሰጠውም። (ቀረጥ ስል ቫትና ኤክሳይዝን አልጨመርኩም። የጉምሩክ ኅብረትም ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ አባላቱ ሁሉ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ ይጥላሉ።)

እንደ ሰርግ ጥሪ ውሰዱት። ካርዱ ላይ ስሙ የሌለ ሰው በተጠራው ሰው መኪና ቢመጣም አይገባም። የተጠራውን ሰው ኮት ተውሶ ቢመጣም ያው ነው። ኮት መዋስ ማለት በእኛ ሥራ ማሸጊያ መቀየርና ማርካ መለጠፍ ነው። የተጠራው ሰው ቤት ገብቶ፣ ተጋብቶ ቤተሰብ ከሆነ ግን ይገባል። ከውጭ የመጣ ጥሬ ዕቃም በበቂ ሁኔታ ከተለወጠ እንደዚያው ነው።

«በቂ» ስንት ነው? ዋናው ድርድር ያለው እዚህ ጋ ነው። አንዳንዱ ዕቃ የታሪፍ ቁጥሩ፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃውን የሚመድብበት ቁጥር፣ ከጥሬ ዕቃው መቀየር አለበት። ልብስ ላይ ጨርቁ ብቻ ሳይሆን ክሩም የአባል ሀገር ይሁን የሚሉ ስምምነቶች አሉ። መኪና ላይ ደግሞ ከዋጋው ስንት እጁ ከአባል ሀገራት እንደመጣ ይሰላል። የሰሜን አሜሪካው (የአሜሪካ፣ የካናዳና የሜክሲኮ) የቀድሞ ስምምነት 62.5 በመቶ ይጠይቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካው ስምምነት ወደ 75 በመቶ ከፍ አደረገው። ያቺ መቶኛ ፋብሪካ ታስከፍታለች፣ ታዘጋለችም። ስለ እሷ ግን ማንም ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ሲጮህ አላየሁም።

ዘበኛው እንዲያውም አንዳንዴ ከልክ በላይ ጥብቅ ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያለ ቀረጥ ለመነገድ ተስማምታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ግን ነጋዴዎች ጉድ አዩ። ከኅብረቱ አባል ሀገር የመጣ ዕቃ ብሪታንያ መጋዘን ውስጥ አርፎ፣ ሳይነካ ወደ ሌላዋ የኅብረቱ አባል ወደ አየርላንድ ሲላክ ቀረጥ ይጠየቅበት ጀመር። ለምን? ብሪታንያ ውስጥ አልተሠራማ።

«ከነገ ጀምሮ ሁሉም ነገር ዜሮ ነው» የሚሉት ደጋፊዎችም ይህንኑ ደንብ ይረሳሉ። መብቱን ለማግኘት ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃ ደግሞ የሒሳብ መዝገብና የአቅራቢ ወረቀት ይፈልጋል፤ ወጪ አለው። የአሜሪካ መደበኛ የመኪና ቀረጥ ለረጅም ዓመታት 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። ደንቡን ከማሟላት እሱን መክፈል የመረጡ አምራቾች ነበሩ። (ሰርግ ላይ ከፍሎ መግባት የለም። ምሳሌዬ እዚህ ላይ አነከሰ።)

ተንታኙ «ጉምሩክ ማጣራት አይችልም» ቢል ኖሮ እሰማው ነበር። ሐሰተኛ የስሪት ሀገር ምስክር ወረቀት አለ። ለላኪው ሀገር የተጻፈ የማጣሪያ ጥያቄም መልሱ ሊጓተት ይችላል። ያ ግን ዘበኛው ደመወዙና መሣሪያው ይበቃዋል ወይ የሚል ክርክር ነው። እሱ ዘበኛ መኖሩንም አላየም።