የኦንላይን ፖከር ሽልማት ከየት ይመጣል? ደሴ ላለ ተጫዋችስ ስንቱ ይተርፋል?

ደሴ ውስጥ የካርታ ጨዋታ እንግዳ ነገር አይደለም። ኮንከር የሚችል ሰው በየሰፈሩ አለ። የፖከር ቶርናመንት ግን የመጣው በስልክ ነው። ፒያሳ ወይም ሆጤ ካፌ ተቀምጦ ስልኩን የሚከፍት ልጅ መጀመሪያ ዓይኑ የሚገባው ከላይ በትልቁ የተጻፈው የሽልማት ቁጥር ነው። ከዚያ ይልቅ መግቢያው ጎን ያለችውን ትንሽ ቁጥር ቢያይ ይሻለዋል።

የሽልማት ቋቱ በአብዛኛው የተጫዋቾቹ የራሳቸው ገንዘብ ነው። እንደ እቁብ ሁሉም ያዋጣል። እቁብ ላይ ግን ያዋጣ ሰው ተራው ሲደርስ ብሩን ያገኛል። እዚህ አብዛኛው ሰው ባዶ እጁን ይወጣል፤ አጫዋቹ ድርጅት ደግሞ ድርሻውን ቀድሞ ይቆርጣል።

መግቢያው «10+1» ከሆነ 10 ዶላሩ ለቋቱ፣ 1 ዶላሩ ለቤቱ፣ ማለትም ለአጫዋቹ ድርጅት ነው። 100 ሰው ሲመዘገብ ቋቱ 1,000 ዶላር ይሞላል። ቤቱም 100 ዶላሩን ይዟል፣ ካርታው ገና ሳይታደል። ችሎታው ከሌሎቹ እኩል የሆነ ሰው በረጅም ጊዜ 11 እየከፈለ 10 ያገኛል ማለት ነው። ላለመክሰር ብቻ ከአማካዩ ተጫዋች 10 በመቶ የተሻለ ማግኘት አለበት።

የሚያሳዝነው፣ በመቶኛ ሲሰላ ብዙ የሚቆረጥበት ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው መሆኑ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ጂጂፖከር በተባለው የፖከር ድረ ገጽ ላይ የተካሄደው፣ የታዋቂው የፖከር ውድድር የወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር የኦንላይን ዋና ውድድር መግቢያው 5,000 ዶላር ነበር። 4,750ው ለቋቱ፣ 250ው ለቤቱ። 5,802 ምዝገባ ተደርጎ ቋቱ 27,559,500 ዶላር ደረሰ። ቤቱ የቆረጠው 5 በመቶ ነው። ከ11 ዶላሩ ላይ ግን 9 በመቶ ገደማ ይሄዳል። 5,802 የሰው ቁጥር እንዳልሆነም ልብ ይሏል። የወደቀ ሰው ድጋሚ ከፍሎ መግባት ይችል ነበር፤ ድጋሚ የገባ ደግሞ ድጋሚ ይቆረጥበታል።

ለተጫዋቹ በእውነት የሚያዋጣው አጋጣሚ ቤቱ ዋስትና ሰጥቶ ሰው ሲጎድል ነው። 1,000 ዶላር ቃል ተገብቶ 80 ሰው ብቻ 10 ዶላር ለቋቱ ቢያዋጣ 800 ይሆናል። 200ውን ቤቱ ከኪሱ ይሞላል። ለአንድ ሰው 2.50 ዶላር ይደርሳል፤ የ1 ዶላሩን ክፍያ ሸፍኖ ይተርፋል ማለት ነው። ስለዚህ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ስንት ሰው እንደገባ ማየት ከትልቁ ቁጥር በላይ ይጠቅማል።

አከፋፈሉም ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ ሽልማት የሚደርሳቸው ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ናቸው። ከእነሱም የመጨረሻዎቹ ከመግቢያቸው ብዙም የማይበልጥ ያገኛሉ፤ ዳጎስ ያለው ገንዘብ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘንድ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ክሪስ መኒሜከር በ86 ዶላር የኦንላይን ማጣሪያ ገብቶ፣ መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነውን የወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ዋና ውድድር አሸነፈ። ተወዳዳሪዎቹ 839 ነበሩ፤ እሱ ብቻውን 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ታሪኩ እውነት ነው። ግን በዚያው ማጣሪያ የወደቁትን ማንም አያወራላቸውም።

ደሴ ላይ ሌላም ወጪ አለ። ደሞዝ በብር ነው፣ መግቢያው በዶላር። በመሃል የገባው ሰው ገንዘቡን ሲልክም ሲመልስም የሚቆርጠው ኮሚሽን ከቤቱ ክፍያ ላይ ይደመራል። ዶላርን በጥቁር ገበያ መግዛት ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል። ሰዓቱም አይመችም፤ አውሮፓ አመሻሽ ላይ የሚጀመር ትልቅ ቶርናመንት እዚህ እስከ ንጋት ሊሄድ ይችላል። መሃል ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ ጨዋታው አይጠብቅም። የተጫዋቹ ካርታ በየዙሩ ይጣላል፣ ቺፑም (በጨዋታው ውስጥ የሚወራረድበት ነጥብ) የግዴታ ውርርዱን እየከፈለ ያልቃል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት አልተመለሰም ነበር።