መኪና ለምን ያጎነብሳል? የክብደት ሽግግር ምንድን ነው?

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና በሚወርድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ነገሩን በአንገቱ ያውቀዋል። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ይሰግዳል። ወደ ግራ ሲታጠፍ በቀኝ ያለው ተሳፋሪ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል። ነዳጅ ሲሰጥ ደግሞ ጀርባ ከወንበር ይጣበቃል። በሰው ላይ የሚሆነው በመኪናውም ላይ ይሆናል። ጭነቱ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ያልፋል። የክብደት ሽግግር የሚባለው ይኸው ነው።

መኪናው አልከበደም፣ አልቀለለምም። የተለወጠው አራቱ ጎማዎች ሸክሙን የሚካፈሉበት መጠን ነው። 1,100 ኪሎ የምትመዝን አነስተኛ የቤት መኪና እናስብ። ቆማ ሳለ 660 ኪሎው በፊት ጎማዎች፣ 440ው በኋላዎቹ ላይ ነው እንበል። በደረቅ አስፋልት ጠንከር ያለ ፍሬን ሲያዝ ወደ 185 ኪሎ ገደማ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ለኋላ ጎማዎች የሚቀረው 255 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ከዚህም ያንሳል።

ጭነቱ ወደ ላይ ከፍ ባለ ቁጥር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀትም ባጠረ ቁጥር ሽግግሩ ይጨምራል። ጣሪያው ላይ የመንዝ በግ የደረደረ ሚኒባስ ኩርባ ላይ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። በጎቹም እኮ ዝም ብለው አይቆሙም።

ታዲያ ምን ይጠበስ? ጎማ መሬት የሚይዘው በተጫነው ልክ ነው። የቀለለ ጎማ ቶሎ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ አንድ ጎማ ያለውን አቅም ለፍሬንም ለመታጠፍም ያካፍላል። ሙሉውን ለፍሬን ካዋለው ለመሪው የሚተርፍ የለም። ፍሬኑን ወደ 80 በመቶ ቢያወርዱት ግን ለመታጠፍ 60 በመቶ ያህል ያገኛሉ። ድምሩ ከመቶ በለጠ ብለው አይደንግጡ። ሁለቱ ኃይሎች በተለያየ አቅጣጫ ስለሚሠሩ የሚደመሩት እንደ ሦስት ማዕዘን ጎኖች ነው። ፍሬን ትንሽ ለቀቅ ማድረግ ብዙ መሪ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በሰውነት ለመማር ውጭ አገር ብዙ ሰው ገንዘብ ይከፍላል። ተራ ሰዎች የገዛ መኪናቸውን ይዘው ዝግ የውድድር ሜዳ ላይ የሚነዱበት ቀን አለ፤ ትራክ ዴይ ይሉታል። ውድድር አይደለም። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። ብዙ ጊዜም አስተማሪ አጠገብ ይቀመጣል። ጀርመን አገር በ1927 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኑርቡርግሪንግ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የተራራ ዙር አለው፤ ማንም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍሎ የሚገባበት ቀን አለ። የዚያ ሜዳ ከፍታና ዝቅታ ልዩነት 300 ሜትር ገደማ ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ከ1,500 ሜትር ይበልጣል! ግን የእኛው መንገድ ነው። አህያ አለ፣ ጉም አለ፣ ዳገቱን እያቃሰተ የሚወጣ ተሳቢ አለ። ልምምድ የሚደረግበት ቦታ አይደለም።

ጀማሪ ወደ ሜዳው ሲገባ ፍጥነት ሊማር ነው የሚመስለው። አስተማሪው ግን መጀመሪያ እጁንና እግሩን ያዘገየዋል። ፍሬን ቀጥታ መስመር ላይ ይያዛል። መታጠፍ ሲጀመር በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ ክብደቱ ፊት ላይ ስለሚቆይ የፊት ጎማዎች በደንብ ይነክሳሉ። ነዳጅ የሚጨመረው መሪው መመለስ ሲጀምር ነው። እንስራ ያዘለች ሴት ቁልቁለት ስትወርድ እንደማትንደረደረው፣ መኪናም ድንገተኛ ነገር አይወድም። በ1969፣ በ1971 እና በ1973 እ.ኤ.አ. በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት የሚታወቀው በዚሁ በለስላሳ አነዳዱ ነበር። እኛ ዘንድ ኩርባ ላይ ደርቦ የሚያልፈው ነው ጎበዝ የሚባለው። እኔ አልስማማም።

ጀማሪን የሚጥለው ትልቁ ስህተት ኩርባ መሃል ደንግጦ እግርን ከነዳጅ ላይ ማንሳት ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ይወረወራል፣ ኋላው ይቀላል፣ ከዚያ ኋላው ፊቱን ሊቀድም ይፈልጋል። መድኃኒቱ ከኩርባው በፊት መቀነስ ነው። ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ አማራጩ ይጠባል።

ለሰሜን ሸዋ ሹፌር ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የማርሹ ጉዳይ ይመስለኛል። ረጅም ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ትክክል ነው። በፍሬን ብቻ ከተወረደ ሸራው ይግላል፣ ፍሬኑም ይደክማል። ነገር ግን አይሱዙውም አብዛኛው ሚኒባስም የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው። ማርሽ ቀንሰው ፍሪሲዮኑን በድንገት ከለቀቁት ሞተሩ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ቀድሞውንም ቀለዋል። ክረምት ላይ አስፋልቱ ሲረጥብ፣ መኪናው ባዶ ሲሆን፣ ኋላው የሚጠመዘዘው ያኔ ነው። የሜዳ ነጂዎች ማርሽ ሲቀንሱ በእግራቸው ነዳጁን ነካ የሚያደርጉት ሞተሩና ጎማው በፍጥነት እንዲመጣጠኑ ነው። ያ ካስቸገረ ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር መቀነስና ፍሪሲዮኑን በዝግታ መልቀቅ ይበቃል።

የውድድር ሜዳ ባይኖርም አንድ ልምምድ አለ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በ30 እየነዱ ሊቆሙ ሲሉ፣ መኪናው ከመቆሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ፍሬኑን ላላ ያድርጉት። አፍንጫው ሳይነቀነቅ ከቆመ ክብደቱን በዝግታ መልሰዋል ማለት ነው። ተሳፋሪ ጠጥቶ ያላጋመሰው ማኪያቶ ቢይዝ እንኳ አይፈስበትም።

የመኪናውን ዝላይ የሚያረጋው አሞርዛተር ካለቀ ግን ይህ ሁሉ ትርጉም ያጣል። ሽግግሩ አንዴ ሆኖ መርጋት ሲገባው መኪናው ይዘላል፣ ጎማውም መሬት እየለቀቀ ይመለሳል። ለማወቅ የመኪናውን አንድ ጥግ በሁለት እጅ ተጭነው ይልቀቁት። አንዴ ተነስቶ ከቆመ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ጣርማ በርን ከመውረድዎ በፊት ጋራዥ ያስገቡት።