«ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቷል» ከተባለ በኋላ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ምርምር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ንጹሕ ውኃ፣ ብክለቱ ያነሰ ግንባታ፣ ጭስ የማይበዛበት ማብሰያ፤ የዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ክፍሎች በእነዚህ ጉዳዮች ላይ መመራመር ከጀመሩ ቆይተዋል። ስለ ሥራቸው የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጽንፍ አይወጣም፤ ወይ «ወረቀት ብቻ ነው»፣ ወይ «ችግሩ ተፈታ»። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የዩኒቨርሲቲ ምርምር ከመደርደሪያ አይወርድም»

ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር አሞኒያን ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ሠርቶ ያሳየው በ1909 በጀርመን ካርልስሩኸ በሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው። በ1913 እዚያው ጀርመን፣ ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ፤ የዛሬው የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከዚያ የመጣ ነው። በመካከል ያሉት አራት ዓመታት የዋዛ አልነበሩም። ሃበር ኬሚካላዊ ለውጡን ለማፋጠን (ካታሊስት አድርጎ) የተጠቀመበት ኦስሚየም የተባለ ንጥረ ነገር እጅግ ብርቅ ስለሆነ ቢኤኤስኤፍ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ኬሚስቶች በሺህ የሚቆጠሩ ካታሊስቶችን ሞክረው ነው ብረትን መሠረት ያደረገ ድብልቅ ላይ የደረሱት። በዚያ ላይ ሃይድሮጅኑ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ከአረብ ብረቱ ካርቦኑን እየነጠቀ ዕቃውን ይሰነጣጥቀው ነበር፤ የኩባንያው ካርል ቦሽ ውስጡን በለስላሳ ብረት አልብሶ ገላገላቸው። እንግዲህ አንድ ምርምር መደርደሪያ ላይ ቢቀር ጥፋቱ ሁልጊዜ የተመራማሪው አይደለም፤ ይህን የመካከል ሥራ ከፍሎ የሚያሠራ ጠፍቶም ይሆናል።

«ፋብሪካው በታዳሽ ኃይል ቢሠራ የሲሚንቶ ብክለት ያበቃል»

ሲሚንቶ የሚፈጨው በዋናነት የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ ከሚገኘው ክሊንከር ከተባለ ጠጠር ነው። ከክሊንከር ምርት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። ድንጋዩ ሲግል ካልሲየም ካርቦኔቱ ይፈርሳል፣ ጋዙም ይወጣል፤ እሳቱ ከየትም ይምጣ። ስለዚህ አንዱ መላ ክሊንከሩን መቀነስ ነው። በስዊዘርላንድ የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ፣ በኩባ የላስ ቪያስ ማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲ እና የሕንድ የቴክኖሎጂ ተቋማት የሠሩበት ኤል ሲ 3 የተባለ ሲሚንቶ 50 በመቶ ክሊንከር፣ 30 በመቶ የተቃጠለ የሸክላ አፈር፣ 15 በመቶ ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ እና 5 በመቶ ጂፕሰም ነው። ልቀቱ እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል።

የተገኘው የሸክላ አፈር ሁሉ ግን አይሆንም። ካኦሊናይት የተባለው ማዕድን ቢያንስ 40 በመቶ ያህል ሊኖረው ይገባል። አፈሩ የሚቃጠለው ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ክሊንከር 1450 ያህል ይጠይቃል። ሙቀቱ ካነሰ በማዕድኑ ውስጥ የታሰረው ውኃ ተሟጦ አይወጣም፤ በጣም ከበዛ ደግሞ አፈሩ እንደገና ክሪስታል ይሠራና ከሌላው ጋር መዋሃዱን ይተዋል። ግንባታው ቦታ ላይ ሌላ ጣጣ ይጠብቃል። ደቃቁ ሸክላ ውኃ ስለሚሻማ ድብልቁ ይወፍራል፤ ሠራተኛው ውኃ ጨምሮ ላቅጥነው ካለ ጥንካሬው ይወድቃል። የሚጨመረው ሱፐርፕላስቲሳይዘር፣ ማለትም ያለ ተጨማሪ ውኃ ድብልቁን የሚያቀጥን ኬሚካል ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥንካሬው ከተለመደው ስለሚያንስም ኮንክሪቱ እስኪጠነክር የሚይዘውን ቅርጽ ማውጫ (ፎርምወርክ) ለማፍረስ መቸኮል አይገባም።

«ክብረ ወሰን የሰበረ የፀሐይ ሴል ነገ ጣሪያ ላይ ይወጣል»

ፔሮቭስካይት የተባሉ ክሪስታሎችን የሚጠቀመው የፀሐይ ሴል በ2009 ጃፓን ውስጥ ሲሞከር ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው ከብርሃኑ 3.8 በመቶውን ነበር፤ ዛሬ ከ25 በመቶ አልፏል። አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን ዜናው የሴሉን ስፋት ይዘላል። ክብረ ወሰኖቹ በአብዛኛው ከጥፍር በማይበልጥ ናሙና ላይ የተለኩ ናቸው። በሚሽከረከር ሳህን ላይ ፈሳሽ አንጠባጥቦ በትንሽ መስታወት ላይ እኩል ንብርብር ማውጣት ይቻላል፤ በካሬ ሜትር ሲሆን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይፈጠራሉ። ከዚያ የጽናት ፈተና አለ፤ በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት ውስጥ 1000 ሰዓት። እርጥበት ደግሞ የዚህ ሴል ዋና ጠላት ነው። ስፋቱንና የቆየበትን ሰዓት የማይነግር ጽሑፍ ካነበባችሁ በመቶኛው ብቻ አትጓጉ።

«ቀላል ቴክኖሎጂ ምርምር አያስፈልገውም»

የአሸዋ ውኃ ማጣሪያ ምን ጥናት ይፈልጋል? ውኃ ሳያቋርጥ በዝግታ የሚወርድበት የአሸዋ ማጣሪያ ከመቶ ዓመት በላይ ከተሞችን አገልግሏል። ቤት ውስጥ ግን ውኃ የሚጨመረው በባልዲ፣ እያረፈ ነው። በካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ማንዝ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ባዮሳንድ ማጣሪያ ይህን ፈታ። ጀርሞችን ከሚያጠፉት ዋናው አሸዋው አናት ላይ የሚያድገው ሕያው ንብርብር ነው፤ እስኪዳብር 30 ቀን ያህል ሊፈጅ ይችላል። መውጫ ቱቦው ከአሸዋው ከፍ ስላለ ፍሰቱ ሲቆም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ከላይ ይቀራል። ከዚያ ከጠለቀ ለንብርብሩ ኦክስጅን አይደርሰውም፤ ከሳሳ ይደርቅበታል።

ብዙው ብልሽት የሚመጣው ይህች 5 ሴንቲ ሜትር ስትነካ ነው። ባለቤቱ ለአጠቃቀም እንዲመቸው መውጫው ላይ ሩቢኔት ይገጥማል፤ ሲዘጋው ውኃው ከፍ ብሎ ይቆምና ንብርብሩ ይታፈናል። ጎማ ከቀጠለበት ደግሞ ጎማው ውኃውን ስቦ አሸዋውን ያደርቀዋል። አሸዋው ከመጠን በላይ ከታጠበ ደቃቁ ይወጣና ፍሰቱ ይፈጥናል፤ ደስ የሚለው ሰው አይጠፋም። በተለመደው የኮንክሪት ሞዴል ግን በደቂቃ ከ0.4 ሊትር ካለፈ ማጣሪያው ሥራውን በቅጡ እየሠራ አይደለም። በውኃው ውስጥ የሟሟ ጨው ከመጀመሪያውም አያወጣም።

«ሰዎች ያልተጠቀሙበት ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው»

ምድጃ ላብራቶሪ ውስጥ የሚፈተነው 5 ሊትር ውኃ በማፍላት፣ ከዚያም ለ45 ደቂቃ በማንተክተክ ነው፤ እንጨቱ የደረቀና በልክ የተፈለጠ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ እንጨቱ እርጥብ፣ ድስቱም ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ አብሳይዋም ሌላ ሥራ ደርባ ይዛለች። በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ጭስ ማውጫ ያላቸው ምድጃዎች ከተሠሩ በኋላ አራት ዓመት ያህል የተደረገ ክትትል እንዳሳየው፣ አብሳዮቹ የሚተነፍሱት ጭስ በመጀመሪያው ዓመት ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ ለውጡ ጠፋ። ምድጃው ይሰነጠቃል፣ ጭስ ማውጫው ይደፈናል፣ የሚጠግነው የለም። ይህን «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ሪፖርት መጻፍ የዲዛይንን ጉድለት በተጠቃሚው ማላከክ ነው። ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ በምን መሣሪያ ያጸዳዋል የሚለው ንድፉ ሳይጀመር መመለስ ነበረበት።

«በስባሽ ፕላስቲክ የትም ቢጣል ይበሰብሳል»

ከዕፅዋት ስኳር የሚሠራው ፒኤልኤ ቶሎ የሚበሰብሰው 58 ዲግሪ አካባቢ በሚግል የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ጣቢያ ነው። ባሕር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ለድጋሚ ጥቅም ከተሰበሰበ ሌላ ፕላስቲክ ጋር ከተቀላቀለም የሚወጣውን ምርት ጥራት ያበላሻል።