ምግብን በጥቂት ፕላስቲክ ማስቀመጥና መጠቅለል፤ አጠቃላይ ዳሰሳ

በቤት ውስጥ ምግብ ሲቀመጥና ሲጠቀለል የፕላስቲክ አጠቃቀምን መቀነስ ሁለት ሥራዎችን ያጠቃልላል። አንደኛው አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣለውን ስስ መጠቅለያና ፌስታል በጠርሙስ፣ በብረት፣ በጨርቅ ወይም በወረቀት መተካት ነው። ሁለተኛው በእጅ ያለውን ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ እስኪያረጅ ድረስ መገልገል ነው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ደህናውን ዕቃ ሁሉ አውጥቶ ጥሎ አዲስ የመስታወት ዕቃ መግዛት ቆሻሻ ከመጨመር በቀር እምብዛም አይፈይድም።

ፕላስቲክ ወደ ማዕድ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢታይሊን የተባለው ፕላስቲክ በ1933 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ የአይ ሲ አይ ኩባንያ ቤተ ሙከራ በአጋጣሚ ተገኘ። ክዳኑ ግጥም የሚለው የአሜሪካዊው ኧርል ታፐር የፕላስቲክ ዕቃ በ1946 ለገበያ ቀረበ፤ ባለ እጀታው ፌስታል ደግሞ በ1965 በስዊድኑ ሴሎፕላስት ኩባንያ ስም ተመዘገበ።

ከዚያ በፊት ያለው ታሪክ በአመዛኙ የጠርሙስ ነው፤ በደንብ ተመዝግቦ የቆየውም እሱው ነው። ፈረንሳዊው የጣፋጭ ምግብ ባለሙያ ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ ሞልቶ፣ በቡሽ ወትፎና በፈላ ውኃ ውስጥ ቀቅሎ ለረጅም ጊዜ ማቆየት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1810ም ከመንግሥት 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። ምግቡ ለምን እንደማይበላሽ ግን እሱም አያውቅም ነበር። ነገሩ የረቂቅ ሕዋሳት ጉዳይ መሆኑን ሉዊ ፓስተር ያስረዳው ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አሜሪካዊው ቆርቆሮ ሠሪ ጆን ላንዲስ ሜሰን በ1858 በጠርሙሱ አንገት ላይ ጥርስ አውጥቶ የዚንክ ክዳን ተጠምዝዞ የሚዘጋበትን መላ አስመዘገበ። ዚንኩ ምግቡን እንዳይነካ ሉዊስ ቦይድ በ1869 ከክዳኑ ሥር የመስታወት ሽፋን ጨመረበት። በጀርመን ደግሞ ዮሐን ቬክ የሩዶልፍ ሬምፔልን ፈጠራ ገዝቶ በ1900 ኩባንያ አቋቋመ፤ የመስታወት ክዳን በጎማ ቀለበት ላይ የሚያርፍበትን ጠርሙስም አስፋፋ። የተቀቀለው ጠርሙስ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ የውጭው አየር ክዳኑን ተጭኖ ይይዘዋል። ዓይነቱ ዛሬም ይሠራል። ከመቶ ዓመት በላይ መልኩን ሳይቀይር የዘለቀ የማዕድ ቤት ዕቃ ብዙ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ሊታለፍ አይገባም። አሲድ የሚበዛባቸው ፍራፍሬዎች በፈላ ውኃ ብቻ ሊታሸጉ ይችላሉ። አሲዳቸው ያነሰ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው ፒ ኤች ከ4.6 በላይ የሆነባቸው አትክልቶች፣ ሥጋና ጥራጥሬ ግን አየር በሌለበት የሚራባውና ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ መጠለያ ይሆናሉ። ዘሩ በተለመደው መፍላት አይሞትም፤ ለዚሁ የተሠራ የግፊት ድስት ያስፈልገዋል።

ለዕለት ተዕለት ሥራ ጠርሙስ በማቀዝቀዣም በበረዶ ቤትም ያገለግላል። ውኃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ አንገተ ጠባብ ጠርሙስ እስከ አፉ ተሞልቶ ከቀዘቀዘ ትከሻው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃ ተመርጦ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ክፍት ይተዋል። ትኩስ ወጥ ወይም ሾርባ መጀመሪያ መብረድ አለበት፤ ከበረዶ የወጣ ጠርሙስም በቀጥታ ሙቅ ውኃ ውስጥ አይነከርም። የማይዝግ ብረት አይሰበርም፤ ጉድለቱ ውስጡን አለማሳየቱና ማይክሮዌቭ ውስጥ አለመግባቱ ነው።

የተቆረጠ ፍሬ ወይም ሳህን ለመሸፈን በንብ ሰም የተነከረ የጥጥ ጨርቅ ይመቻል። የእጅ ሙቀት ሰሙን ስለሚያለሰልሰው ጨርቁ የያዘውን ነገር ቅርፅ ይከተላል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ይረጋል። ሰሙ በ62 እና በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ስለሚቀልጥ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ነው። በሙቅ ውኃ ሊፀዳ ስለማይችልም ለጥሬ ሥጋና ለዓሣ አይሆንም። ቅጠላ ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ክዳን ባለው ዕቃ ሲቀመጥ ቶሎ አይጠወልግም። ዳቦ በጨርቅ ከረጢት ቅርፊቱ ጥሩ ሆኖ ይቆያል፤ የሚደርቀው ግን ከፌስታሉ ፈጥኖ ነው።

ፕላስቲክን በመተካት ስም የሚሸጥ ሁሉ አይታመንም። የቀርከሃ ተብለው ከሚሸጡት ሳህኖች ብዙዎቹ የቀርከሃ ዱቄት የተቀላቀለበት ሜላሚን ናቸው፤ ሜላሚን ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ከበቆሎ የሚሠራው ፒ ኤል ኤ የተባለው ፕላስቲክ በጓሮ ማዳበሪያ ጉድጓድ በወጉ አይበሰብስም፤ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያለው የማበስበሻ ተቋም ይፈልጋል። ሲሊኮን ፕላስቲክ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ስምምነት የለም።

ስለ ጨርቅ ከረጢት የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 ያወጣው ስሌት ብዙ አነጋግሯል። በስሌቱ መሠረት ተራው የጥጥ ከረጢት ከፌስታል ጋር እንዲስተካከል ለአየር ንብረት ብቻ ቢታሰብ 52 ጊዜ፣ ሁሉም የአካባቢ ተጽዕኖዎች ቢታሰቡ 7,100 ጊዜ ማገልገል አለበት። ሁለተኛው ቁጥር የኦዞን ሽፋንን ጉዳት ስለሚጨምር ሊጋነን ይችላል የሚሉ አሉ፤ ስሌቱም በየሜዳው የሚጣለውን ፌስታል ጉዳት አይቆጥርም። መጠቅለያ ሲቀነስ ምግብ ይባክናል የሚለው ክርክር ግን ክብደት አለው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደሚገምተው በ2022 የተጣለው ምግብ 1.05 ቢሊዮን ቶን ሲሆን፣ ከዚህ 60 በመቶው ከየቤቱ የወጣ ነው። መጠቅለያውን ቀንሶ ምግቡን ማበላሸት ትርፍ የለውም።

በጤና በኩል ትኩስ ወይም ቅባት የበዛበት ምግብ ከፕላስቲክ ውስጥ ኬሚካሎችን ይበልጥ እንደሚስብ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አንዳንድ ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራበትን ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ንጥረ ነገር በ2011 ከሕፃናት ጡጦ አግዷል። ረቂቅ የፕላስቲክ ብናኞች በሰውነት ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርሱ ግን ገና እየተጠና ነው።

ጠርሙስም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከፕላስቲክ የጸዳ አይደለም። ተጠምዝዞ የሚዘጋው የብረት ክዳን ውስጡ በስስ የፕላስቲክ ሽፋን የተለበጠ ነው። ይህን የማይፈልግ ሰው ምግቡ ክዳኑን እንዳይነካ ከላይ ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ወይም የመስታወት ክዳንና የጎማ ቀለበት ያለውን ይመርጣል። ቀለበቱ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ለብቻው ይቀየራል።