ስዊድንና ኖርዌይ፦ ድሃው ወንድም እንዴት ቀደመ?

ስዊድንና ኖርዌይ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር ይጋራሉ። ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ስዊድን ወደ 10.5 ሚሊዮን፣ ኖርዌይ ወደ 5.5 ሚሊዮን ሕዝብ አላቸው። ሁለቱም ዛሬ ሀብታም ስለሆኑ በአንድ መንገድ የመጡ ይመስላል፤ ግን አይደለም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖርዌይ ከ1814 እስከ 1905 በስዊድን ንጉሥ ሥር ነበረች። በ1905 ሕዝቧ ድምፅ ሲሰጥ ከ368,000 በላይ ሰው እንለያይ አለ፤ የተቃወመው 184 ብቻ። ያለ ጥይት ተለያዩ፤ የስዊድንን አስተዋይነት ማንም አይክድም። በዚያ ዘመን ከሁለቱም አገር ሰው በድህነት ይሰደድ ነበር። ወደ 1.3 ሚሊዮን ስዊድናዊና ወደ 800,000 ኖርዌጂያዊ አሜሪካ ገብቷል።

ስዊድንን ያቀናት ፋብሪካ ነው። እንጨትና ብረት ነበራት፤ ጥሬውን ብቻ እየሸጠች ግን አልቀረችም። የስልኩ ኤሪክሰን በ1876፣ የኩሽኔታው ኤስኬኤፍ በ1907፣ የመኪናው ቮልቮ በ1927 ተቋቋሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገለልተኛ ስለነበረች ፋብሪካዎቿ ተረፉ፤ ለጀርመን ብረት መሸጧ እስካሁን ያነጋግራል። ኖርዌይ በጀርመን ተይዛ አምስት ዓመት ከረመች። የእሷ እንጀራ ዓሣ፣ መርከብና የፏፏቴ መብራት ነበር።

ከዚያ ነዳጅ መጣ። በግንቦት 1968 ፋሩቅ አል-ቃሲም የሚባል ኢራቃዊ የነዳጅ ጂኦሎጂስት ኦስሎ ገባ። ሚስቱ ኖርዌጂያዊት ናት፤ የመጡት የታመመ ልጃቸውን ለማሳከም ነው። ወደ ሚስቱ ቤተሰቦች አገር የሚሄደው ባቡር የሚነሳው ማታ ነበር። ቀኑን ከሚያባክነው ብሎ ሥራ ሊጠይቅ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ጎራ አለ። እዚያ የነዳጅን ጉዳይ የያዙት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከሰሜን ባሕር የመጣውን የቁፋሮ ውጤት የሚያነብላቸው ሰው ቸግሯቸዋል። ቀጠሩት። በ1969 መጨረሻ ኤኮፊስክ የሚባለው ትልቅ የነዳጅ ቦታ ባሕሩ ውስጥ ተገኘ፤ በ1972 መንግሥት ስታትኦይል የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ (የዛሬውን ኢክዊኖር) አቋቋመ። ፋሩቅም የነዳጅ አስተዳደሩን ከነደፉት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ገንዘቡን አለመብላታቸው ነው የሚገርመው። የነዳጁ ገቢ የሚጠራቀምበት ፈንድ ሕግ በ1990 ወጣ፤ የመጀመሪያው ገንዘብ በ1996 ገባ። ፈንዱ የሚያፈሰው ውጭ አገር ብቻ ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው አክሲዮን ወደ 1.5 በመቶው የእሱ ነው። በ2001 በወጣው ደንብ መሠረት መንግሥት በዓመት የሚያወጣው ከፈንዱ 4 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2017 ወደ 3 ዝቅ ተደረገ።

እዚህ ስዊድን እስካሁን ከንፈር የሚመጠጥበት ነገር አለ። በ1978 ኖርዌይ የቮልቮን 40 በመቶ ልትገዛ፣ ቮልቮ በበኩሉ ከነዳጁ ድርሻ ሊያገኝ ተስማምተው ነበር። የስዊድን ባለአክሲዮኖች እምቢ አሉና በጥር 1979 ፈረሰ። እንግዲህ ማን ያውቃል ነዳጁ ያን ያህል ይሆናል ብሎ!

በ1992 ስዊድን ገንዘቧ ክሮን እንዳይወድቅ ለመከላከል የማዕከላዊ ባንኩን ወለድ 500 በመቶ እስከማድረስ ደረሰች። በ1995 አውሮፓ ኅብረት ገባች፤ ኖርዌይ በ1972ም በ1994ም አልገባም ብላለች። በማኅበራዊ ኑሮ ግን እየተቀዳደሙ ነው የሄዱት፦ ስዊድን በ1974 የወሊድ ፈቃዱን ለአባትም ከፈተች፣ ኖርዌይ በ1993 ለአባት ብቻ የተቆረጠ ፈቃድ ጀመረች።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ስዊድን የሕንጻ ኮሌጁና የሕፃናት ሆስፒታሉ ናት፤ የኖርዌይ መኮንኖች ደግሞ ባሕር ኃይላችንን አሠልጥነዋል።

ልዩነቱን በዓይን ለማየት ድንበሩ ላይ ስትሮምስታድ አጠገብ ያለው ኖርድቢ የገበያ ማዕከል ይበቃል። ስዊድን ውስጥ ዋጋው ስለሚረክስላቸው ኖርዌጂያኖች ሥጋ፣ ከረሜላና ለስላሳ በጋሪ ሙሉ ይጭናሉ። ጉዞውን ራሳቸው «ሃሪቱር» ይሉታል፤ የፋራ ጉዞ እንደማለት ነው። በሌላ በኩል የስዊድን ወጣቶች ኦስሎ ሄደው አስተናጋጅነት ይሠሩ ነበር፤ ሙዝ የሚልጡም ነበሩ። የኖርዌይ ክሮን ሲወርድ ብዙዎቹ ተመለሱ። ገበያው ግን አልቀዘቀዘም፤ በተለይ በእነሱ ጸሎተ ሐሙስ ኖርዌይ ሱቅ ዘግታ ስዊድን ስለማትዘጋ፣ የዚያን ቀን ወደ ስዊድን የሚወስደው መንገድ በመኪና ሰልፍ ይጨናነቃል።