«ላይፍ ኦፍ ብራያን»፦ ሳይሰሙ የፈረዱበት ኮሜዲ

«ላይፍ ኦፍ ብራያን» ማለትም «የብራያን ሕይወት» እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የእንግሊዝ ኮሜዲ ፊልም ነው። ሞንቲ ፓይተን የተባለው የቀልደኞች ቡድን ሥራ ነው። አባላቱ ስድስት ናቸው፦ ግራሃም ቻፕማን፣ ጆን ክሊስ፣ ቴሪ ጊሊያም፣ ኤሪክ አይድል፣ ቴሪ ጆንስና ማይክል ፔሊን። ስድስቱም አብረው ጻፉት፣ ጆንስ ዳይሬክት አደረገው። ዋናውን ሰው፣ ብራያንን፣ የሚጫወተው ቻፕማን ነው።

ብራያን የሚወለደው ኢየሱስ በተወለደበት ሌሊት፣ እዚያው ጎረቤት ባለ በረት ነው። ሰብአ ሰገል ተሳስተው እሱ ዘንድ ይገባሉ። ሰግደው ስጦታውን ሰጥተው ይወጣሉ። ስህተታቸው ሲገባቸው ግን ተመልሰው ስጦታውን ከእናቱ እጅ ይነጥቃሉ። ካደገ በኋላ ሮማውያንን የሚታገል ቡድን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሕዝቡ በግድ መሲሕ ያደርገዋል። «አይደለሁም» ቢል የሚሰማው የለም። መጨረሻው መስቀል ነው።

ፊልሙ ገና ከመነሻው ሊቀር ነበር። ገንዘቡን ሊሰጥ የነበረው ኢ.ኤም.አይ. የተባለ ኩባንያ ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው እጁን አወጣ። የኩባንያው ኃላፊ ሎርድ ዴልፎንት ጽሑፉን ሲያዩት ደነገጡ። ያኔ የደረሰላቸው የቢትልስ ሙዚቃ ቡድን አባል የነበረው ጆርጅ ሃሪሰን ነው። ፊልሙን ማየት ስለፈለገ ብቻ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሃንድሜድ ፊልምስ የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ ወደ 3 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። ቀረጻው በ1978 መኸር ቱኒዚያ ውስጥ ተካሄደ።

በኔ እምነት ፊልሙ የሚቀልደው በክርስቶስ ላይ አይደለም። ጸሐፊዎቹ ወንጌልን ሲያነቡ ትምህርቱ የሚቀለድበት ሆኖ እንዳላገኙት ደጋግመው ተናግረዋል። ቀልዱ ያለው ሰሚው ጋ ነው። የተራራው ስብከት ትዕይንት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ኢየሱስ በክብር ቆሞ ያስተምራል። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከሰዉ ጀርባ ወደቆሙት። እነሱ በደንብ አይሰሙም። «የሚያስተራርቁ ብፁዓን ናቸው» የሚለው ጆሯቸው ጋ ሲደርስ «አይብ የሚሠሩ» ይሆናል፤ ቃላቱ በእንግሊዝኛ በድምፅ ይቀራረባሉ። አንዱ ወዲያው ተርጓሚ ይሆናል፦ ቃሉ ለአይብ ሠሪ ብቻ አይደለም፣ የወተት ተዋጽኦ የሚያመርተውን ሁሉ ይመለከታል ይላል። ከዚያ ስለ አንዱ አፍንጫ ትልቅነት ክርክር ይነሳና ይደባደባሉ። የሰላም ስብከት እየተሰማ!

ይሄ ነገር በፊልሙ ሁሉ ይመላለሳል። ነፃ አውጪዎቹ ከሮማውያን ይልቅ ስማቸው ከነሱ ስም ጋር የሚመሳሰለውን ሌላውን ቡድን ይጠላሉ። ብራያን እየሸሸ ጫማው ሲወልቅበት፣ ተከታዮቹ ጫማው ምልክት ነው አይደለም ብለው ወዲያው ይከፋፈላሉ። በመስኮት ብቅ ብሎ «እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ ሰው ናችሁ» ሲላቸው፣ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ «አዎ፣ የራሳችን ሰው ነን» ይላል። አንድ ሰው ብቻ «እኔ አይደለሁም» ይላል። ሌላም አለ። ሌሊት ግድግዳ ላይ ሮማውያን ወደ አገራቸው ይሂዱ ብሎ በላቲን ሲጽፍ የሮማ መቶ አለቃ ይይዘዋል። መቶ አለቃው ግን የሚቆጣው በሰዋስው ስህተቱ ነው። እንደ ተማሪ አርሞት፣ መቶ ጊዜ እንዲጽፈው ያዘዋል።

ጸያፍ የሚባለውም ሞልቷል። ስድብ፣ እርቃን፣ በስቅላት ላይ ዘፈን። በተለይ የመጨረሻው ትዕይንት የሚያማቸው ሰዎች አሉ፤ ሕመማቸውን አልንቅም።

ተቃውሞው ግን ከዚያ አለፈ። አየርላንድ እስከ 1987 አገደችው። ኖርዌይም ለጊዜው ከልክላው ነበር። ስዊድኖች ታዲያ «በጣም ከማሳቁ የተነሳ ኖርዌይ ውስጥ ታገደ» ብለው አስተዋወቁት። በብሪታኒያ ብዙ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከለከሉት ወይም የዕድሜ ገደቡን ከፍ አደረጉት። በግላስጎው እገዳው የተነሳው በ2009 ነው።

በኅዳር 1979 ክሊስና ፔሊን በቢቢሲ ቴሌቪዥን ከጋዜጠኛው ማልኮም ማገሪጅና ከሳውዝዋርክ ጳጳስ ከመርቪን ስቶክዉድ ጋር ተከራከሩ። ማገሪጅና ጳጳሱ ፊልሙ በክርስቶስ ላይ መሳለቂያ ነው አሉ። ፔሊን በሥርዓት ለማስረዳት ሞከረ፣ አልተሳካለትም። በኋላ እንደታወቀው፣ ሁለቱ ፊልሙን ሊያዩ የገቡት ዘግይተው ነበር። ያመለጣቸው መጀመሪያው ነው፤ ብራያንና ኢየሱስ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው የሚታይበት ክፍል። እነሱም እንደዚያ ሕዝብ ከሰዉ ጀርባ ቆመው ነበር ማለት ነው።

በመስቀል ላይ የሚዘፈነውን፣ ሕይወትን ከብሩህ ጎኗ እዩ የሚለውን ዘፈን የጻፈው አይድል ነው። ቻፕማን በጥቅምት 1989 በካንሰር ሞተ። በመታሰቢያ ዝግጅቱ ላይ አይድል ያንኑ ዘፈን ጀመረ፤ ጓደኞቹም ተቀበሉት። ዛሬ በብሪታኒያ ለቀብር በብዛት ከሚመረጡ ዘፈኖች አንዱ ነው።